ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ

የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ጉበት» ይሏታል። መጀመሪያ ከኋላዋ ነበር የሚሉት። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሰማቻቸውና «ጨጓራ ከመባል ይሻላል» ብላ አለፈች፤ ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ሆነ። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። መስኮቱ በማይከፈት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሰው ጉበት ትመግባለች።

ጉበት ሲባል ሥጋ ቤት የሚንጠለጠለው እንዳይመስላችሁ። እሷ የምትመግበው ከክብሪት ሳጥን የማይበልጥ፣ እንደ ብርጭቆ ወለል አድርጎ የሚያሳይ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ቺፕ ይሉታል። በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉ፤ በቦዮቹ ወለል ላይ ከሰው ጉበት የተወሰዱ፣ በባዶ ዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ተደርድረው ይኖራሉ። ሮዝ ቀለም ያለው ምግባቸው በቀጭን ቱቦ ቀኑን ሙሉ ይፈስላቸዋል፤ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ያድራሉ። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ ሰው ከመቅመሱ በፊት እነሱ ይቀምሱታል። ከቻሉት መድኃኒቱ ወደፊት ያልፋል። ተኮማትረው፣ ከወለላቸው ተላቀው ከተንሳፈፉ ግን ጉበት የሚጎዳ ነው ተብሎ ይመለሳል።

እንግዲህ ሥራዋ መጠርጠር ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ክፍል በር ማንም መድኃኒት ንጹሕ ተብሎ አይገባም። እሷ ግን ጥርጣሬን እዚያ አልተማረችም፤ ይዛው ነው የገባችው። ልጅ ሳለች እናቷ አንዲት ደግ ጎረቤት የሰጠቻቸውን ክኒን ሲውጡ ከርመው፣ ዓይናቸው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ ሞቱ። ክኒኑ ይሁን ሌላ ነገር የመረመረ አልነበረም። ጎረቤቲቱም ከማንም በላይ አልቅሳ ቀበረች። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከሰው እጅ የሚሰጣትን ነገር ገልብጣ ሳታይ የማትቀበል ሆነች። ታናሽ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ለእሱ ስትል ትምህርቷን ከሁለተኛ ደረጃ ላይ አቁማ የላቦራቶሪ ብርጭቆ አጣቢ ሆና ገባች፤ እጇ የማይንቀጠቀጥ መሆኑን ሲያዩ ቀስ በቀስ ወደ ቺፖቹ አሳለፏት።

የዚያ ክፍል ዋና ጠላት አረፋ ነው። የሰናፍጭ ፍሬ የማታህል አረፋ ቦዩን ከዘጋችው ከእሷ በታች ያሉት ሕዋሳት በረሃብ ያልቃሉ። ስለዚህ እትዬ ጉበት መርፌውን ከመሰካቷ በፊት በጥፍሯ ጠቅ ጠቅ እያደረገች አረፋውን ታባርራለች። ልማድ ሆኖባት ሻይ ስትጠጣም ብርጭቆውን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ወንድሟ «እታለም፣ ሻዩ እኮ ጉበት የለውም» እያለ ይስቅባታል።

ሌላው የክፍሉ ወግ ስም አለመጻፍ ነው። ፈሳሾቹን የምታዘጋጀው እትዬ ጉበት ናት፤ በማጉያ መሣሪያ አይታ ፍርድ የምትሰጠው ደግሞ አለቃዋ ዶክተሯ ናት። የትኛው ቺፕ ምን እንደጠጣ ዶክተሯ ማወቅ የለባትም፤ ካወቀች ዓይኗ ያዳላል። ስለዚህ በየብልቃጡና በየቺፑ ላይ ቁጥር ብቻ ይለጠፋል። በየትሪው አንድ መደዳ ደግሞ «ምስክር» ይባላል። ለእሱ የሚሰጠው፣ ሲበዛ ጉበት እንደሚገድል ከጥንት የታወቀ ነገር ነው። ያ መደዳ ካልሞተ ቺፖቹ ደንዝዘዋል፣ የዚያ ቀን ውጤት ሁሉ አይታመንም ማለት ነው። ምስክሩ ከመጀመሪያውም አንድ ዓይነት ነጭ ዱቄት ነበር። በስሙ የሚጠራው ሰው ግን አልነበረም፤ ምስክር ነው፣ በቃ።

ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ በቤታቸው የፊት ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበርና ግድግዳ ሙሉ መስታወት አላት። እትዬ ጉበት ይህችን ሴት ገና ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አልወደደቻትም። ምን አጠፋች ቢሏት የምትጠቅሰው የላትም። ትስቃለች፤ ሳቋ ይበዛል። ታከብራለች፤ አክብሮቷ ይበዛል። «ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ እትዬ፣ ልጨምርልዎት እትዬ» ስትል፣ እትዬ ጉበት በልቧ፣ ይህን ያህል ማር የሚቀባ ሰው ከሥር ምን ቢኖረው ነው ትላለች። ፀጉር ሠሪዋም ብትሆን ያቺ ሰማይ ምድሩን የምትጠረጥር የባሏ እህት ቤቷ በመጣች ቁጥር ድስቱን፣ መደርደሪያውን፣ የባሏን ዓይን ሳይቀር እንደ ፖሊስ ስትፈትሽ ታያለች። ሁለቱም ጥርሳቸውን እያሳዩ ልባቸውን ቆልፈው ኖሩ።

ቀን ሙሉ ማሽን ላይ ጎብጦ የሚውል ሰው ወገቡን ቢያመው አይገርምም። ልብስ ሰፊው ወገቤን ማለት ሲጀምር ሚስቱ ከአክስቷ ያመጣችውን መራራ የቅጠል ዱቄት በሙቅ ውሃ እየበጠበጠች ታጠጣው ጀመር። እትዬ ጉበት ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ምን ቅጠል ነው? ማን ለቀመው? ማን ፈጨው? ፀጉር ሠሪዋ አክስቷ ለዓመታት እንደጠጣችውና ምንም እንዳልሆነች ተናግራ ሳቀች። መልሱ ይኸው ነበር።

እትዬ ጉበት በበኩሏ ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ ገዛችለት። ነገር ግን ፓኬቱን እንዳለ አልሰጠችውም። ፓኬቱ እዚያ ቤት ካደረ ያቺ ሴት ትደብቀዋለች፣ ወይም ትለውጠዋለች ብላ ሰጋች። ስለዚህ የሥራ ቤቷን ወግ ወደ ወንድሟ ቤት ይዛ ገባች። የየቀኑን ክኒን በየትንሽ ነጭ ብልቃጥ ከተተች፣ ክዳኑን በፕላስተር አሸገች፣ በፕላስተሩ ጫፍ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር አሰመረች። ሌላ እጅ ከነካው መስመሩ ይዛነፋል። በላዩ ላይ የቀኑ ቁጥር እንጂ ስም የሚባል ነገር የለም። እሁድ እሁድ ባዶዎቹን ትሰበስባለች፣ ሙሉዎቹን ትተካለች። ወንድሟ «እሺ እታለም» እያለ ይውጣል። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ እሺን እንጂ እምቢን አልተማረም።

ወገቡ ግን አልተሻለውም። ይባስ ብሎ ምግብ አስጠላው፤ ሰውነቱን እያሳከከው በመቀሱ ጫፍ ሱሪ ከመቁረጥ ይልቅ በመቀሱ እጀታ ገላውን ሲያክ ይውል ጀመር። በአንዱ እሁድ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ የዓይኑን ሽፋን ከፍ ስታደርግ፣ እትዬ ጉበት ነጩ ቢጫ ሆኖ አገኘችው። ያንን ቢጫ ታውቀዋለች።

ክሊኒክ ሄደ። ደም ወሰዱና ጉበቱ እንደተቆጣ ነገሩት፤ ለሌላ ምርመራም ቀጠሩት። ምን መድኃኒት ትወስዳለህ ሲሉት፣ ምንም አለ። እውነቱን የተናገረ ነው የመሰለው፤ የእህት ክኒንና የሚስት ብርጭቆ ለእሱ መድኃኒት አይደሉማ። ቀጠሮውን ግን ያላለቀ የደንበኛ ሙሉ ልብስ አለብኝ እያለ ገፋው።

እትዬ ጉበት በልቧ ፈረደች። ገዳዩ ዱቄቱ ነው፤ አጠጪዋም ያቺ ናት። አውቃም ሆነ ሳታውቅ፣ ለእሷ ልዩነት አልነበረውም። ቤቷ ሄዳ የጓሮውን ክፍል ጠረገች፣ አልጋ አነጠፈች። ዱቄቱ ቺፑን ከገደለ ወንድሟን ሻንጣውን አስይዛ ከዚያ ቤት ታወጣዋለች፤ ትዳሩም እዚያው ላይ ያበቃል። የቀራት ማስረጃ ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛ ፀጉር ስትጠቀልል፣ እትዬ ጉበት ኩሽናው ውስጥ የዱቄቱን ጣሳ ከፈተች። አንድ ማንኪያ ቀንሳ በብልቃጥ ከተተች፣ ጣሳውን እንደነበረ ዘጋች። ስትወጣ ወደ መስታወቱ አላየችም።

ሰኞ ጠዋት ዱቄቱን በጥበጠች፣ አጣራች፣ ወንድሟ በሚጠጣው ልክ አሳሳችው፤ በጥፍሯ አረፋውን አባርራ ለቺፖች ሰጠችው። ከዚያም ማንም እንዳያይባት ቁጥር ለጥፋ ከሌሎቹ መሀል በትሪው ላይ ደረደረቻቸው። እነዚያን ቀናት ማሞቂያ ሳጥኑን በከፈተች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ያንን መደዳ ነበር። ሕዋሳቱ እንዲሞቱላት ትመኛለች፤ መመኘቷ ደግሞ ያስፈራታል።

ዶክተሯ የምታነብበት ቀን ደረሰ። ዶክተሯ በዕድሜ ከእትዬ ጉበት ብዙ ታንሳለች፤ ስትናደድ ድምፅዋን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ ታደርጋለች። ትሪውን በማጉያው ሥር እያስኬደች አንዱን ደህና፣ አንዱን ተጎድቷል ስትል ቆየችና ቀና አለች።

«እትዬ፣ ይህ መደዳ ከየት መጣ? እኔ አላዘዝኩትም።»

«ሞቷል?»

«እኔ ነኝ የጠየቅኩት።»

«ሞቷል ወይ ዶክተር?»

ዶክተሯ ትክ ብላ አየቻትና ዓይኗን ወደ ማጉያው መለሰች። «ሕያው ነው። እንደ በቆሎ ፍሬ ጥርቅም ብለው ተቀምጠዋል።»

እትዬ ጉበት አላመነችም። ቱቦው ተዘግቶ ይሆናል አለች። ቺፖቹ ደንዝዘው ይሆናል አለች። ዶክተሯ ትሪውን ወደ ምስክሩ መደዳ ገፋችውና ይምጡ ይዩት እንደማለት ወንበሯን ለቀቀች። የምስክሩ ሕዋሳት በሙሉ ክብ ክብ ሆነው፣ ከወለላቸው ተላቀው ይንሳፈፋሉ። ቺፖቹ ነቅተዋል።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻት፦ ዱቄቱን፣ ወንድሟን፣ የዓይኑን ቀለም፣ ፀጉር ሠሪዋን። ዶክተሯ እስኪያልቅ ሰማችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የቤትዎን ጠብ በእኔ ማሞቂያ ውስጥ ነው ያሞቁት» አለች። እትዬ ጉበት አንገቷን ደፋች። ዶክተሯ ቀጥላ ቺፕ ሰው እንዳልሆነ፣ ይህ ውጤት ዱቄቱን ንጹሕ ነው እንደማያሰኘው ተናገረች። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን አንድ ተጠርጣሪ ብቻ ይዞ መቀመጥ ሞኝነት ነው አለች።

«ሌላ ምን ይወስዳል?»

«ምንም። እኔ ከምሰጠው ማስታገሻ በቀር።»

«ማስታገሻው ምንድን ነው?»

እትዬ ጉበት ልትመልስ አፏን ከፈተች። ዓይኗ ያለ ፈቃዷ ወደ ትሪው፣ ወደዚያ ወደሚንሳፈፈው መደዳ ሄደ። ያንን ነጭ ዱቄት በየጊዜው የምትመዝነው በገዛ እጇ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ለመጨረሻ ጊዜ ያነበበችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም፤ ምን እንደሚል ግን ታውቃለች። ፓራሲታሞል ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ በየትሪው ጉበት ገድሎ ሲመሰክርላት የኖረውን ነገር እሁድ እሁድ አሽጋ ለወንድሟ ስታደርስ አንድም ቀን አልጠረጠረችውም። ከእሷ እጅ ነው የወጣው፤ የራሷን እጅ ደግሞ ማን ይጠረጥራል?

ዶክተሯ ስንት ስንት እንደምትሰጠው ጠየቀቻት። በፓኬቱ ላይ በታዘዘው ልክ ነው አለች፤ እውነቷን ነበር። ዶክተሯ ግንባሯን ቋጠረች።

«በልኩ ከሆነ ብቻውን እዚህ አያደርሰውም። ከእርስዎ ሌላ የሚሰጠው ሰው አለ?»

መልሱ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ስልክ ደውላለት የማታውቅ ሰው ነው።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለች። ፀጉር ማድረቂያው ይጮህ ነበር፤ ጠፋ። ፀጉር ሠሪዋ ድምፅዋን ስትለይ፣ አቤት እትዬ አለች፤ ሳቅ አልነበረበትም።

«ለወገቡ ከዱቄቱ ሌላ የምትሰጪው ነገር አለ?»

«ለምን ፈለጉት?»

«አለ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ለምን ፈለጉት ነው ያልኩዎት።»

እትዬ ጉበት በዚያ ጥያቄ ውስጥ የራሷን ድምፅ የሰማች መሰላት። ያቺ ሴት እንደ እሷ ነው የጠየቀችው፤ ገልብጣ ሳታይ የማትቀበል ሰው አጠያየቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካልሰጡት አይሰጥም። ግድግዳውን ተደገፈች።

«እሺ፣ መጀመሪያ እኔ ልንገርሽ። በእኔ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ፓራሲታሞል ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ በቀጭን ድምፅ፣ «እኔስ የምሰጠው ምን መስሎዎታል?» አለች።

ለወገቡ ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን ክኒን፣ ብርድ ብርድ ሲለው ደግሞ በሙቅ ውሃ የሚበጠበጠውን የጉንፋን መድኃኒት ከረጢት ትሰጠው ኖሯል። ክኒኑም እሱው ነው፤ ከረጢቱም ውስጥ እሱው አለበት። ሰውየው ከሁለት እጅ፣ በሦስት መልክ፣ አንዱን ነገር ሲውጥ ከርሟል፤ ያውም ምግብ ባልገባበት ሆድ። እትዬ ጉበት ስልኩን ስትዘጋ ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር እንደተጠቀለለ ትታ፣ ባሏን ከማሽኑ ላይ እያስነሳች ነበር።

ሆስፒታል አስተኙት። በክንዱ በኩል መድኃኒት ይንጠባጠብለት ጀመር። ሐኪሙ ጉበቱ ክፉኛ እንደተጎዳ፣ ግን በጊዜ እንደደረሱ ነገራቸው፤ ጉበት ከተዉት እንደተቆረጠ ጎመን መልሶ ያቆጠቁጣል አለ። ውጤቱ እስኪለይ ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ በአንድ አግዳሚ ወንበር፣ መሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ዋሉ።

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ፀጉር ሠሪዋ ነበረች። ዱቄቱን ሲወስዱ በመስታወት አይቻለሁ አለች፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል። እትዬ ጉበት የወሰደች አልመሰላትም ነበር፤ አንድ ነገር የጨመረችበት ነው የመሰላት፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ከጣሳው አላጠጣችውም። ለነገሩ ከዚያ በፊትም ብልቃጦቹ እንቅልፍ ይነሷት ነበር። ስም የላቸው፣ ቁጥር ብቻ። ያ እትዬ ጉበት የምትሠራበት ቤት ደግሞ ገና ያልተሞከረ መድኃኒት የሚሞከርበት ቤት መሆኑን አገር ያውቃል።

«ወንድምዎን እየሞከሩበት ነው ብዬ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ» አለች። «ለዚያ ነው የእርስዎን ተወው እያልኩ የእኔን የማበዛለት። እሱ ደግሞ እሺ ይልና ሁለቱንም ይውጣል።»

እትዬ ጉበት ልትቆጣ ቃጣት። እሷ? በገዛ ወንድሟ? ቁጣው ግን መሬት ሳይነካ ቀረ፤ ለጠረገችው የጓሮ ክፍል ምን ልትል ነው? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሷ ነው። ስለዚህ ስለ ክፍሉም፣ ስለ አልጋውም፣ ስለ ሻንጣውም ነገረቻት። ፀጉር ሠሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንገት በላይ ያልሆነ ሳቅ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞርባት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። እትዬ ጉበት እጇን ዘረጋች፤ ትከሻዋን ለመንካት ግን አልደፈረችም፤ መሀላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

ልብስ ሰፊው ዓይኑ ነጣ፣ ምግብም ጣመው፣ ቤቱ ገባ። ለምን ሁለቱንም ትውጥ ነበር ብለው ሲያፋጥጡት፣ «አንዳችሁን ብተው ሌላኛዋ ታሸንፋለች፤ እኔ ደግሞ መሀል ነኝ» አለ። ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኙበትም።

በሚቀጥለው እሁድ እትዬ ጉበት ያለ ብልቃጥ መጣች። በዚያ ቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ፣ ከትራስ ሥርና ከማሽኑ መሳቢያ ሳይቀር ተለቅሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፎ ነበር። አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ ትሰማለች፤ ከዚያ ተቀባብለው ደግመው ያነባሉ። እትዬ ጉበት ያነበበችውን ፀጉር ሠሪዋ ገልብጣ ታየዋለች፤ ፀጉር ሠሪዋ ያስቀመጠችውን እትዬ ጉበት ታነሳዋለች። ማንም ማንንም በቃል አላመነም፤ ማንም ግን አልተቀየመም። የቀረው በላዩ ላይ በትልቁ ስሙ ተጽፎ ለብቻው ተቀመጠ፤ የማይፈለገው ተለይቶ ታሸገ።

መጨረሻ ላይ የቀረው የቅጠሉ ጣሳ ነበር። እትዬ ጉበት ፕላስተር ቀደደች፣ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ቅጠሉ ስሙ ማን ነው?»

ፀጉር ሠሪዋ ጣሳውን አየች። «እኔ እንጃ እትዬ» አለች። «አክስቴ ናት የሰጠችኝ።»

«አክስትሽስ ከማን አመጣችው?»

ሁለቱም ጣሳው ላይ አፈጠጡ። ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ መልሳ ዘጋች። ከዚያ ስልኳን አንስታ የአክስቷን ቁጥር ትፈልግ ጀመር።

ልብስ ሰፊው ከማሽኑ ላይ ቀና ብሎ፣ ክር በጥርሱ እንደያዘ አያቸው። «አሁን ደግሞ ተባብራችሁ አሮጊቷ ላይ ዘመታችሁ?» አለ።

ሁለቱም ባንድ ድምፅ ዝም በል አሉት። እትዬ ጉበት ሻይዋን አነሳች፤ ብርጭቆውን በጥፍሯ ጠቅ ጠቅ አደረገችና፣ ስልኩ እስኪነሳ ጆሮዋን ወደ ወንድሟ ሚስት አስጠግታ ጠበቀች።